የግራ እጁ ትንሿ ጣት

«በዚያች ቀኝ እጁ የወረወራት ኳስ» አሉ አጎት ስታን፣ ሹካቸውን እንደ ጦር ወደ ጣሪያው እየሰበቁ፣ «የውኃ ጋኑን ማማ አልፋ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አልፋ፣ ወንዙ ማዶ ሣር ሲግጥ የነበረ አጋዘን ግንባር ላይ ነው ያረፈችው! አጋዘኑ እስከ ዛሬ እንደ ፈዘዘ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳና ግን አልሳቀችም። ዓሣ የተጫነባቸውን ሦስት ሳህኖች በክንዷ ደርድራ ቆማ ነበር። ይህን ታሪክ ታውቀዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ኳሷ የመታችው እርግብ ነበር፤ አምና ውሻ ሆነ፤ ዘንድሮ ቀንድ አብቅሎ አጋዘን ሆኗል።

ሥጋ ብቻ በሚጾምባቸው የዐቢይ ጾም ዓርቦች የትንሿ ስላተን ከተማ ሕዝብ ከጨቅላ እስከ አሮጊት የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አዳራሽ ውስጥ ነው የሚገኘው። የሚበላው የዳና አባት የሚጠብሰውን ዓሣ ነው። ዓሣውም እንዲህ በቀላሉ ዓሣ የሚባል አይደለም፤ አንዱ ቁራጭ ለሕፃን ልጅ ብርድ ልብስ ይሆናል። ከጎኑ እናቷ የምትቀቅለው ድንች የተሞላ ፒሮጊ የሚሉት የሊጥ ጥቅል፣ ከዚያ በቅቤ የተጠበሰ ጎመን ይከተላል። ከሁሉም በላይ ግን የሚቀርበው ውሸት ነው። በስላተን ጨምሮ የማያወራ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው መቃብር ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሁለት ሦስቱ ያጠራጥራሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ውሸቱ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ጆሮ ይፈስ ነበር። ከአጎት ስታን ፊት ለፊት የተቀመጡት እንግዳ ሚስተር ላንግ ይባላሉ። የአንድ ትልቅ ፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች መልማይ ናቸው። በሚያዝያ ወር ትልልቆቹ ቡድኖች ከየዩኒቨርሲቲው የሚፈልጉትን ልጅ በየተራ የሚመርጡበት ቀን አለ። ሚስተር ላንግ ከዚያ ቀን በፊት ስላተን ድረስ የመጡት ስለ ዳና ወንድም ስለ ግራንት ሁዳክ ሊጠይቁ ነበር።

ግራንት በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ ነው። ሞላላዋን ኳስ ይዞ፣ ግዙፎቹ ሰዎች ሳይደርሱበት፣ ለማን እንደምትሄድ በዓይን ጥቅሻ ወስኖ የሚወረውረው ኳርተርባክ ነው። እሱ ከተሳሳተ ቡድኑ በሙሉ ተሳሳተ ማለት ነው። ስለዚህ ኳርተርባክ የሚመርጡ ሰዎች ልጅ ከሚድር ቤተሰብ ይብሳሉ፤ የመዳፉን ስፋት ይለካሉ፣ ቁመቱን በጫማም ያለ ጫማም ይለካሉ፣ ከዚያ ዘር ማንዘሩን ይጠይቃሉ።

የስላተን ሰው ደግሞ ሲጠየቅ መልስ አያልቅበትም።

ዳና ሳህኖቹን አስቀመጠች። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የግራንት ፎቶ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመች። የፎቶው ትልቅነት! አፍንጫው ብቻ የእሷን ቁመት ያህላል። በኩሽናው በር ሥር ደግሞ በሩ እንዳይዘጋ ተብላ የተሸጎጠች የብረት ዋንጫ አለች። ዋንጫዋን ባለፈው የጸደይ ወራት ያመጣው የትምህርት ቤቱ የሴቶች ፍላግ ፉትቦል ቡድን ነው። በዚያ ጨዋታ መጣልና መደባለቅ የለም፤ ከተጋጣሚ ወገብ ላይ መቀነት መንጠቅ ነው። ዳና የዚያ ቡድን ተከላካይ ነች፤ ከአየር ላይ ኳስ በመንጠቅ ከአውራጃው ትምህርት ቤቶች ማንም አልደረሰባትም። ዋንጫው የመጣ ዕለት ከከተማው ሰው ሜዳ የወጣው የእሷ እናትና አንድ መንገድ የጠፋበት ፖስተኛ ነበር።

አንጀቷ እርር አለ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከዓርብ ዓርብ የሚያር አንጀት ነው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አሉ ሚስተር ላንግ ለአጎት ስታን፣ አፋቸውን እየጠረጉ። «ቄሱን ጠየቅኩ፤ መልአክ ነው አሉኝ። ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅኩ፤ መልአክ ነው አለኝ። የሒሳብ አስተማሪውን ሳልጠይቃቸው ደውለው መልአክ ነው አሉኝ። እኔ መልአክ መርጬ አላውቅም። ስህተቱን ያላየሁትን ልጅ እፈራዋለሁ።»

«ስህተት የለውማ! ከየት እናምጣልዎት?»

«ሁለት ልጆች ቀርተውኛል። የሌላኛውን ጉድ ሁሉ አውቄ ጨርሻለሁ። የናንተን የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው።» ሹካቸውን አስቀመጡ። «እሺ፣ ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ኳሱን አብዝቶ የነጠቀው ማን ነው?»

«ማንም!» አሉ አጎት ስታን። ከዚያ ግን ወሬ አምልጧቸው አያውቅምና በአገጫቸው ወደ ዳና ጠቆሙ። «ያቺ እህቱ ናት እንግዲህ፣ ጓሮ ሲጫወቱ የምትነጥቀው። ዕድል ነው! ልጅቷ ዕድለኛ ናት። ዓይኗን ጨፍና ብትቆም እንኳ ኳሱ እጇ ላይ መጥቶ ያርፋል።»

«ስምሽ ማነው?» አሉ ሚስተር ላንግ።

«ዳና።»

«ዕድለኛ ነሽ፣ ዳና?»

«አይደለሁም» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ።

መልማዩ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ታዲያ እንዴት ትነጥቂዋለሽ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በዓለም ላይ ያንን መልስ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ግራንት ራሱ እንኳ አያውቀውም። ግራንት ከመወርወሩ በፊት ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይይዛል። ወደ ቀኝ ሊወረውር ሲል አሥሩም ጣቶቹ ኳሱ ላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። ወደ ግራ ሊወረውር ሲል ግን የግራ እጁ ትንሿ ጣት ብድግ ትላለች፤ ልክ ሻይ ስትጠጣ እንደምትሽኮረመም ሙሽራ። ለቅጽበት ብቻ ነው። ለዳና ግን ቅጽበት ይበቃታል።

ብትናገር ግራንት አለቀለት። መልማዮች የሚከፈላቸው እንዲህ ያለ ጉድለት ለማግኘት ነው።

«የግራንት እህት!» አለች አንዲት ሴትዮ ከኩሽና። «ጎመኑ ይቃጠላል!»

ሚስተር ላንግ ፈገግ አሉ። «ወንድምሽ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይወረውርልኛል። ከፈለግሽ እዚያ ንገሪኝ። ካልፈለግሽም የራስሽ ነው።»

ቤት ስትደርስ ግራንት ጓሮ ነበር። ጀምበር ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት ሁለት አሮጌ ጎማዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው ናቸው። ጨዋታው ቀላል ነው፤ እሷ በመሃል ትቆማለች፣ እሱ ኳሱን ከሁለቱ ጎማዎች በአንዱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

«ቁንጫዋ! ነይ እስቲ አንዴ። ዛሬም በዕድልሽ ልትመጪ ነው?»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ ደክሞኛል።»

«አንድ ብቻ። አቦ ነይ!»

ቦታዋን ያዘች። የግራንት ትንሿ ጣት ብድግ አለች። ዳና ወደ እሱ ግራ ተስፈነጠረች፤ ኳሱም እንደ ለመደበት ደረቷ ላይ ገባ።

«ኧረ አንቺ ልጅ ሰይጣን አለብሽ!» ግራንት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሣሩ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ። «ሌላኛው ልጅ ክንዱ መድፍ ነው፣ ታውቂያለሽ? እኔ ክንድ የለኝም። እኔ ያለኝ ወዴት እንደምወረውር አለመታወቁ ነው። አንቺ ደግሞ ገና ሳላስበው ትቀድሚኛለሽ። ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።»

ግራንት የሚፈራ ነገር እንዳለው አስባ አታውቅም ነበር። ያ ግድግዳ የሚያህል ፊት እንቅልፍ እንደሚያጣ ማን ያስባል? አፏን ልትከፍት ምንም አልቀራት።

«ሰውየው በመሃል የሚቆም ሰው አምጣ ብሎኛል» አላት። «ትቆሚልኛለሽ?»

«እኔ?»

«አዎ። ግን በናትሽ ነገ ዕድልሽን ቤት ትተሽው ነይ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

አፏ ተመልሶ ተዘጋ። ዕድል! በስንት ዓመት አንዴ እንኳ «ጎበዝ ነሽ» ማለት ከብዶት! እሱ ሁሉ ነገር አለው፤ ፎቶው፣ አጋዘኑ፣ ከተማው። እሷ ያላት አንድ ነገር ያቺ ጣት ናት። ለመልማዩ ብትነግር ወንድሟን ትጥለዋለች። ለእሱ ብትነግር ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድም ኳስ አትነጥቀውም፤ ለዘለዓለም። ዝም ብትልስ? ዝም ማለት ይሻላል፤ ዝም ብላ ግን ሜዳው ላይ ታሳያቸዋለች።

በማግስቱ ሜዳው ዳር ያልመጣ ሰው አልነበረም። አጎት ስታን አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው ብለው ሦስት ካፖርት ደርበው፣ ወፍረው የሁለት ሰው ቦታ ይዘዋል። እናቷ ከፊት ተቀምጣለች። ሚስተር ላንግ ብቻቸውን ከመስመሩ ዳር ቆመዋል። ሁለት የትምህርት ቤቱ ተጫዋቾች ግራና ቀኝ ይሮጣሉ፤ ግራንት ለአንዳቸው ይወረውራል፤ ዳና መሃል ላይ ትከላከላለች።

የመጀመሪያው ኳስ ወደ ቀኝ ሄደ። ዳና አውቃ ዘገየች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሁለተኛው። ትንሿ ጣት ብድግ። ዳና ገና ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ መሮጥ ጀምራ ነበር። ነጠቀችው።

«ዕድል!» ብለው ጮኹ አጎት ስታን።

ሦስተኛው። ትንሿ ጣት እንደገና ብድግ። ዳና እንደገና ነጠቀችው።

አሁን «ዕድል» ያለ አልነበረም። ሜዳው ጭጭ አለ፤ ከመንደሩ ማዶ የሚያልፈው የድንጋይ ከሰል ባቡር እንኳ ያን ጊዜ ፊሽካውን የዋጠ ይመስል ነበር። የስላተን ሕዝብ በሙሉ ዓይኑን ዳና ላይ ተከለ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግራንት ይልቅ እሷን አዩ። ሚስተር ላንግ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አንገታቸውን አሰገጉ። እንዴት እንደሚጣፍጥ! ኳሱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ብትነጥቅ ምን እንደሚሆን አሰበች። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከዚያ ወንድሟን አየችው።

ፊቱ ዱቄት መስሏል። ቀኝ እጁን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እያገላበጠ ያያል፤ መዳፉን ይዘረጋል፣ ይጨብጣል፣ አንጓውን ያሻል። ጥፋቱን ቀኝ እጁ ላይ እየፈለገ ነው። ይህን የሚያህል ሰውዬ፣ በተሳሳተ እጅ ላይ! ቢፈልግ እስከ ሚያዝያ አያገኘውም። አንድ ቀን ደግሞ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ተከላካይ ያገኝለታል፤ ያ ሰው ግን ቁንጫ ብሎ የሚጠራት እህቱ አይሆንም።

ዳና ኳሱን መልሳ ልትወረውርለት ክንዷን አነሳች። አነሳችና ተወችው። ሜዳውን በእግሯ አቋርጣ ሄደች።

«ምን ሆኛለሁ?» አላት በሹክሹክታ። «ምንድን ነው የሆንኩት፣ ዳና?»

በስሟ ከጠራት ስንት ጊዜው ነው? ኳሱን በሁለት እጆቹ መሃል አስቀመጠችለት። የግራ እጁን ትንሿን ጣት በሁለት ጣቶቿ ይዛ ኳሱ ላይ ተጫነቻት።

«ይቺ ናት። ወደ ግራ ልትወረውር ስትል ትነሳለች።»

ግራንት ጣቱን አያት፤ አዲስ የበቀለች ያህል አያት። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ጎማዎቹን ከሰቀልን ጀምሮ።»

«እና እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«አንተስ እስከ ዛሬ ዕድል ነው ስትል አልነበር?»

ግራንት ጣቱን ራሱ ኳሱ ላይ ተጫናት። ጆሮው ቀላ።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ በሚስተር ላንግ በኩል አለፈች። «ምን አልሽው?»

«ኳሱን አቀበልኩት።»

«ትናንት ልትነግሪኝ የነበረው ነገርስ?»

ዳና ቆመች። «እሱን ይጠይቁት» አለች። «አሁን ያውቀዋል።»

መልማዩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ወደ ግራንት ዞሩ።

ዳና መሃል ሜዳ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ቆመች። ግራንት ኳሱን ደረቱ ላይ ያዘ። አሥሩም ጣቶች ኳሱ ላይ ናቸው። አሥሩም! ግራ? ቀኝ? ወደ ቀኝ ልትሄድ ስትል ኳሱ በግራ ጆሮዋ ሥር እያፏጨ አለፈ፤ ከኋላዋ የሮጠው ልጅ ቀለበው። ሕዝቡ ጩኸቱን ለቀቀው። አጎት ስታን ከነሦስት ካፖርታቸው ዘለሉ፤ ኳሷ በሚቀጥለው ዓርብ የት ድረስ እንደምትሄድ ፈጣሪ ይወቀው።

ጩኸቱ አሁንም ለእሱ ነበር። ግራንት ግን ወደ ሕዝቡ አላየም፤ የግራ እጁን ትንሿን ጣት ወደ እሷ ቀስሮ ቆሞ ነበር።

«ድገመው!» ብላ ጮኸችበት።

ዝቅ አለች። ከዚህ በኋላ ለማትነግራት ጣት ጊዜ አላጠፋችም። ዓይኗን ከግራንት ጫማ ጫፍ አስነሳች፤ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ትከሻው፣ ቀስ እያለች ወደ ላይ ሌላ ምልክት ትፈልግበት ጀመር።