ታስቧል

ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን፣ የንጉሡ የዙፋን ንግግር በራዲዮ ሲተላለፍ፣ ነቀምቴ ገበያ ዳር ያለው የወይዘሮ ሸዋጌጥ ሱቅ በረንዳ መቆሚያ አልነበረውም። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ራዲዮናቸውን መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙረው አስቀምጠው፣ «ጸጥ በሉ! የሚያስል ሰው ወርዶ መንገድ ላይ ያስል!» ይላሉ።

ዋጋሪ በዚያው በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋ የሚተዳደር ወጣት ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማረና አማርኛው ጥሩ ስለሆነ፣ ራዲዮ በተከፈተ ቁጥር ገበያተኛው ወደ እሱ ዞሮ «ማል ጄዱ? ምን አሉ?» ይለዋል። እሱ ግን ዓይን አፋር ነው። ሲተረጉም እንኳ የሚያናግረው ሰዎቹን ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ይመስላል።

ያን ቀን ድርቤ ከአባቷ ከኦቦ ጉሉማ ጋር ምሰሶውን ተጠግታ ቆማ ነበር። ዋጋሪ ቀና ባለ ቁጥር ዓይኑ እሷ ላይ ያርፋል፤ እሷ ግን የምታየው ራዲዮኑን ነው።

ኦቦ ጉሉማ የፊታውራሪ አበጋዝ ጭሰኛ ናቸው። አባታቸውም በዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ኖረው፣ እዚያው ተቀብረዋል። በመስከረም ፊታውራሪ «ቡና ላስተክልበት ነውና መኸራችሁን ሰብስባችሁ ልቀቁ» ብለው ላኩባቸው። መልእክቱን ያመጣው ወኪላቸው ጆቴ ደግሞ ከራሱ ጨመረበት፤ «ድርቤን ለእኔ ከዳርክልኝ ፊታውራሪን እኔ አለዝባቸዋለሁ፤ መሬትህ ላይ ትቀመጣለህ።» ድርቤ ያን ቀን ከጓዳ ሆና ሰማችው። ሲወጣ የበቅሎውን ልጓም አቀበለችው።

በዚያ ሰሞን ግን ከተማው ውስጥ ወሬ ነበር። ዘንድሮ ንጉሡ በዙፋን ንግግራቸው ጭሰኛ ከመሬቱ እንዳይነቀል ያዝዛሉ ተባለ። ኦቦ ጉሉማም ጆቴን «ጥቅምት ሃያ ሦስት ይለፍና መልሱን እነግርሃለሁ» አሉት።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ስለ መንገድ ተነገረ፤ ስለ ትምህርት ቤት ተነገረ፤ ስለ ውጭ አገር ወዳጅነት ተነገረ። በመጨረሻው ገደማ ስለ ጭሰኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ። ዋጋሪ እስትንፋሱን ይዞ አዳመጠ። ዓረፍተ ነገሩ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ሲያበቃ፣ ማሰሪያው አንድ ቃል ነበር፤ «ታስቧል።»

«ማል ጄዱ?» አለ ሕዝቡ።

«የጭሰኛው ነገር በሕግ እንዲሻሻል…» ዋጋሪ ጨርቁን አየ። «ያዳሜራ።»

በኦሮምኛ «ያዳ» ማሰብም ነው፣ መናፈቅም ነው። ጆሮአቸው የደከመው ኦቦ ሞረዳ ከአግዳሚው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማን ናፈቀ?»

«ናፈቀ አይደለም ኦቦ ሞረዳ፤ ታስቧል ነው።»

«እኮ ናፍቀውናል በለና! አዲስ አበባ ድረስ መናፈቃችንን እኔ የት አውቄ!»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ «ኧረ በማርያም! ፖሊስ ከበሩ ላይ ነው፤ ራዲዮኔን ታስወስዱብኛላችሁ!» እያሉ እሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ኦቦ ጉሉማ አልሳቁም።

«ልጄ፣ ጭሰኛው ይነቀላል ወይስ አይነቀልም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«እሱን አላሉም፣ አባ።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«ታስቧል።»

«አምናስ ምን ብለው ነበር?»

«ታስቧል።»

«ካቻምናስ?»

ራዲዮኑ የሰልፍ ሙዚቃ ጀመረ። ኦቦ ጉሉማ ባርኔጣቸውን አደረጉና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እንግዲህ ጆቴን ልጥራው» ብለው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

ድርቤ ግን አልተከተለቻቸውም። በሰው መካከል ቀጥ ብላ መጥታ የስፌት መኪናው ላይ መዳፏን ጣለች። ፊቷ ቀልቷል።

«በል ተርጉምልኝ» አለች። «ታስቧል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ድርቤ… ሰው ያያል።»

«ይየኛ! ካቻምና ቀሚሴን ልትሰፋልኝ ስትለካኝ ምን አልከኝ? ሲን ያዳ፣ እናፍቅሻለሁ አልከኝ። አምና ሽማግሌ ልልክ አስቤአለሁ አልከኝ። ዘንድሮም ታስባለህ! እሳቸው ዙፋን ላይ ሆነው ያስባሉ፤ አንተ ስፌት መኪና ላይ ሆነህ ታስባለህ። ሁላችሁም ስታስቡ ጆቴ በቅሎውን ጭኖ ይመጣል!»

«እኔ እኮ…»

«አንተ እኮ ምን? ጨርቅህን አናግር!»

ፊቷን አዙራ ሄደች። በረንዳው ላይ አንድም ሰው አልሳቀም።

ዋጋሪ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። የሌላ ሰው ሱሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ተናድዶ የሚያውቅ አይመስለውም ነበር። አሁን ግን በራዲዮኑ ተናደደ፤ ከሁሉ ይልቅ ያቺን ቃል በገዛ አፉ በማሳመሩ፣ ሕዝቡ ደስ እንዲለው አለስልሶ በማቅረቡ ተናደደ። ሱሪውን ወረወረው።

«ኦቦ ሞረዳ፣ ይነሡ!»

«ማል?»

«ሽማግሌ እፈልጋለሁ። አሁን!»

«ዛሬ? እንዲህ በገበያ ልብሳችን?»

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከመስኮቱ ውስጥ ጮኹ፤ «ይነሡ እንጂ! ወሬ ለመስማት ከጠዋት ጀምሮ ተጎልተው የለም? አቶ ገብረክርስቶስ፣ እርስዎም ይከተሉ፤ ጎጃሜ ሽማግሌ ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል!»

ሁለቱ ሽማግሎች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ዋጋሪም ክር በትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አባትና ልጅን ከከተማው መውጫ ዋርካ ሥር ደረሱባቸው። ኦቦ ሞረዳ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ በወጉ መሠረት ተናገሩ፤ ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ።

ኦቦ ጉሉማ ዋጋሪን ከእግር እስከ ራስ አዩት።

«ለአንተ ከሰጠሁ ከመሬቴ ወጣሁ ማለት ነው። ታውቃለህ?»

ድርቤ ቀደመችው። «አባ፣ ዘንድሮ እኔን ሰጥተህ ቆየህ እንበል። ለከርሞ ና ውጣ ሲሉህ ምን ልትሰጥ ነው? እኔ አንድ ነኝ።»

ኦቦ ጉሉማ ወደ ዋጋሪ ዞሩ፤ «አንተስ ምን አስበሃል?»

ዋጋሪ አፉን ከፈተ፤ «አስቤ…» ሊል ነበር። ድርቤ ላይ ዓይኑ ወደቀና ቃሉን ዋጠው።

«አላሰብኩም፣ አባ» አለ፤ ድምፁ ዋርካው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ። «መጥቻለሁ።»

ድርቤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከነጠላው ሥር እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልታወቀም።

ሠርጉ መኸር ሲያበቃ ሆነ። በማግስቱ ኦቦ ጉሉማ ቤታቸውን አፍርሰው፣ እንጨቱን በአህያ ጭነው፣ ኑኑ ቁምባ ካለው ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። የአባታቸው መቃብር ያለበት ቦታ ዛሬ የቡና ችግኝ ነው።

በዓመቱ ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን በረንዳው እንደገና ሞላ። ድርቤ ከባሏ አጠገብ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የጭሰኛው ዓረፍተ ነገር መጣ፤ ተጠማዘዘ፤ ባለፈው ዓመት ባበቃበት ቃል አበቃ። ሕዝቡ ወደ ዋጋሪ ዞረ።

«ማል ጄዱ?»

ዋጋሪ ፖሊሱን አየ። ከዚያም ሚስቱን አየ። እሷ መርፌዋን አቁማ ትጠብቀዋለች። ተነሥቶ ቆመ፤ ጨርቁንም አላየም።

«ምንም አላሉም» አለ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ።