ግማሽ ላይ የቆመው ጣሪያ

አሮጌው መካኒክ የሞተው በገዛ ግቢው፣ በገዛ መኪናው ውስጥ ነው። መኪናዋ ጣሪያዋ በዘይት ግፊት የሚነሳና የሚታጠፍ ነበረች። ሰውየው ጣሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ለምን እንደሚቆም ሊመረምር ኋላ ወንበር ላይ አጎንብሶ ሳለ፣ ያ ከባድ ብረት ማጅራቱ ላይ ወረደበት።

መርማሪዋ ከግቢው በር ሳትደርስ አለቃዋ በስልክ ቀደማት።

«አደጋ ነው። ልጁ መካኒክ ናት፤ ባለፈው ሳምንት የዘይቱን ቱቦ የቀየረችው እሷ ናት። ሥራዋ ከዳው። በቸልተኝነት ትከሰስና ፋይሉን ዝጊልኝ።»

«ለምን?»

«እሺ በይ እንጂ! እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሺውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። በመሥሪያ ቤቱ «እመት ለምን» የሚል ቅጽል የወጣላት በከንቱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሺ ባለማለቷ ዕድገት አምልጧታል፤ እንቅልፍ ግን አምልጧት አያውቅም።

አስክሬኑ ተነስቷል። መኪናዋ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር ቆማለች። እመት ለምን ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ከኋላ ዕቃ መጫኛው በስተግራ ያለውን፣ ጣሪያውን የሚያነሳውን የፓምፑን ዘይት አየች፤ ልኩ ድረስ ሙሉ ነው። አዲሱ ቱቦ ከመጋጠሚያው አልተነቃነቀም። የባትሪው ገመድ ተነቅሏል፤ አዛውንቱ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነበር። ጣሪያው ሥር የሚገባው የድጋፍ እንጨት ግን ግድግዳው ላይ፣ ከምስማሩ ተሰቅሏል።

ሰውየው ሲሞት ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሚስቲቱ መኪናዋን «ጣውንቴ» እያለች ስትጨቃጨቅ የኖረች ናት። ተከራዩ መምህር ቤቱን እንዲለቅ ተነግሮታል። ሦስተኛው የሟች ታናሽ ወንድም፣ የጨርቅ ነጋዴው ነው።

«ጩኸቱን ሰምቼ ከጓዳ ስሮጥ መጣሁ» አለች ሚስቲቱ። «ሦስት ሆነን ጣሪያውን ጎተትነው። ወይ ፍንክች!»

«እጄ እስኪላጥ ጎትቻለሁ» አለ መምህሩ፣ መዳፉን እያሳየ።

ጨርቅ ነጋዴው ሱፉን አራግፎ ተቀመጠ። «ወንድሜን የገዛ ልጁ ገደለችብኝ። ሴት ብሎን ስታጠብቅ መጨረሻው ይኸው ነው።»

«እርስዎስ ስለ መኪና ያውቃሉ?»

«በልጅነቴ ከአባታችን ጋራዥ ነበርኩ። ከተውኩት ሠላሳ ዓመት ሆነኝ፤ ያኔ ደግሞ በዘይት የሚታጠፍ ጣሪያ የት ነበር? አሁን የማውቀው ጨርቅ ነው።»

ልጅቷ በሥራ ቱታዋ እንደሆነች ከአጥሩ ጥግ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። አደጋው ሲደርስ ከግቢው ቀጥሎ ባለው የቤተሰቡ ጋራዥ ውስጥ፣ በደንበኞች መካከል ነበረች። የሚያንገበግባት እስሩ አይደለም፤ አባቴን እጄ ገድሎት ይሆን የሚለው ነው።

«ሥራዬ አልከዳውም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ከድቶት ቢሆን ካቴናውን ራሴ አምጡ እል ነበር። አባቴ ደግሞ ያለ እንጨት አንገቱን አያስገባም። ይሄን ማንም አያስለውጠኝም!»

«ስትደርሺ ምን አደረግሽ?»

«ሲጎትቱ አገኘኋቸው። እንጨቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ፓምፑ ላይ ግፊቱን የምትለቅ ብሎን አለች። እሷ ካልላላች ጣሪያው በእጅ አይነሳም። በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ፈታሁና አነሳነው። እሱን ካወጣነው በኋላ መልሼ አሰርኳት።»

«አባትሽ ሞቶ? ለምን?»

«እኔ እንጃ። የፈታኸውን ሳታስር እጅህን አትታጠብ ይል ነበር አያቴ። ልጆቹን በጥፊ ነው ያስተማራቸው፤ አባቴ ደግሞ እኔን በምክር። እቃም ከቦታው ሳይመለስ አይታደርም። ከእጄ አልወጣ አለኝ።»

እመት ለምን ማስታወሻዋን አጠፈች። «ልጆቹን» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

በማግሥቱ ረፋድ ሁሉንም መጠለያው ሥር ሰበሰበቻቸው። ጣሪያው ግማሽ ላይ ተነስቶ ቆሟል፤ ኋላ ወንበሩ ላይ የአሸዋ ጆንያ ተጋድሟል።

«ይህ ጣሪያ ብቻውን አይወርድም» ብላ ጀመረች። «በኤሌክትሪክ እንዳይባል ባትሪው ተነቅሏል። ቱቦው ፈንድቶ እንዳይባል ወለሉ ደረቅ ነው፤ ዘይቱም ጠብታ አልጎደለም። ስለዚህ የልጅቷ ሥራ ነፃ ነው። የቀረችው ብሎኗ ናት።»

«ራሱ ፈትቷት ይሆናላ» አለ ጨርቅ ነጋዴው።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን እንደተፈታች ብትቀር ኖሮ እናንተ ስትጎትቱት ጣሪያው ይነሳ ነበር። ፍንክች አላለም። ከወረደ በኋላ ብሎኗን ያሰራት ሰው አለ ማለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ብሎን አያስርም።»

ሚስቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እመት ለምን ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ምስማር አውርዳ ሰጠቻት። «ፍቺያት።»

ሚስቲቱ ፈታች። ጣሪያው ጆንያው ላይ ዷ! አለ። ጮኻ ካቻቢቴውን ጥላ ሸሸች። ልጅቷ ጣሪያውን ወደ ቦታው መልሳ ብሎኗን አሰረች። ተራው የመምህሩ ሆነ፤ ፈታ፣ ተመለከተ፣ ካቻቢቴውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ላቡን ጠረገ። ልጅቷ እንደገና አስተካከለች።

«የሕፃን ጨዋታ!» አለ ጨርቅ ነጋዴው፣ ግን ተቀበለ። ፈታ። ዷ! ዓይኑ ጆንያው ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ፊቱም አመድ መሰለ። እጁ ግን ፊቱን አልጠበቀም። ብሎኗን መልሶ አሰራት፤ ካቻቢቴውን በሱፉ እጅጌ ጠርጎ ከምስማሩ ሰቀለው።



«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለች እመት ለምን ቀስ ብላ። «እንጨቱን ከሥሩ ስበው አወጡ፤ ዘይቱ ስለያዘው ጣሪያው አልወረደም። ከዚያ ብሎኗን ፈቱ። እንደተፈታች ቢተዉአት ኖሮ ሟቹ ተሳሳተ ብዬ እዘጋው ነበር። ግን አሰሯት፤ እንጨቱንም ከምስማሩ መለሱት። የአባትዎ ጥፊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእጅዎ አልወጣም።»

ሰውየው እጁን እንደ ባዕድ እጅ አየው። ከዚያ ልጅቷ ላይ አፈጠጠ።

«ቅዳሜ የጋራዡን ቁልፍ ሊሰጣት ነበር! የአባቴን ጋራዥ! እኔ ወንዱ ቁሜ? ሠራተኞቹ አንድ ቀን አይታዘዙልሽም!»

«አጎቴ» አለችው፣ አንድ እርምጃ ቀርባ። «ሰኞ ጠዋት በሩን እከፍታለሁ። ያልታዘዘኝ ይሂድ፤ ብቻዬንም ቢሆን እሠራለሁ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ስልክ ጠራ፤ አለቃዋ ነው። እመት ለምን ድምፁን አጥፍታ ከኪሷ ከተተችው።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። «አባቴ የጀመረውን ልጨርስ?»

«ጨርሺ።»

ብሎኗን ፈትታ ጣሪያውን አነሳች፣ መልሳ አስራ የድጋፍ እንጨቱን አቆመች፤ ጆንያውን አወጣችና አባቷ አጎንብሶበት በነበረው ቦታ አጎነበሰች። ማጠፊያው አጠገብ አንዲት ቀጭን ሽቦ ተልጣ፣ በአንድ ክር ብቻ ተንጠልጥላለች። ጣሪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ የምትነቃነቀውና ኤሌክትሪኩን የምታቋርጠው እሷ ናት። ቆርጣ ቀጠለቻት፣ በፕላስተር ጠቀለለቻት፣ እንጨቱን አነሳች፣ ባትሪውን አገናኘች። መሪው ጋ ተቀምጣ የጣሪያውን ማብሪያ ስትጫን ፓምፑ አጉረመረመ። ጣሪያው ግማሽ ላይ ደረሰ፤ አልቆመም። ተጣጥፎ ከኋላ ገባ፤ መኪናዋም ክፍት ሆነች።

«ሽቦ ናት፤ አባዬ» አለች ልጅቷ ዞራ ባዶውን የኋላ ወንበር እያየች። «ሽቦ ብቻ ናት።» ከዚያ መሪው ላይ ተደፍታ ከትናንት ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው።