ያልታጠነው ቅል

«ወተቱ ከወዴት ነው?»

«ከአየር ጤና።»

«ላሟስ?»

«ገና አልወለደችም።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሰውየው ግን ሌላ ነው።

ጥቅምት ስልሳ ሦስት ዓ.ም. ነው። ነገሬ ኮልፌ ገበያ ወተት መሸጥ ከጀመረ አምስት ወሩ። የስለላ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው «ወፍጮ» በሚል ስም ነው። የእርጎ እርሾ ያለበትን ቅል ልታስረክበው የነበረችው የላቦራቶሪዋ ዱሬቲ ናት፤ የመጣው ግን የራሱ የነገሬ አለቃ ሻምበል ገረሱ ሆነ።

«ዱሬቲስ፣ ሻምበል?»

«አሟታል። ይልቅ ያዝ፤ ለሕፃናቱ አድርስ።»

ዘነበወርቅ ሠፈር ተቅማጥ ልጆችን እየፈጀ ነው። የዱሬቲን እርጎ የጠጡት ግን ይተርፋሉ። «ባክቴሪያው በሽታውን ብቻውን አይጥለውም» ብላዋለች አንድ ቀን። «አንጀት ውስጥ ተቀምጦ የሰውነትን ዘበኛ ይቀሰቅሳል። ማንን እንደሚመታ፣ ማንን እንደሚያሳልፍ ያስተምረዋል።» የውጭ ነጋዴዎች ለዚህ እርሾ ያደቡ ነበር። ላቦራቶሪው ትናንት ስለተቃጠለ የቀረው በአንድ ቅል ያለው ብቻ ነው።

ነገሬ ክዳኑን ከፈተ።

የወይራ ጭስ ሸተተው። ትኩስ ጭስ።

ወተት ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ያጥናል። ዱሬቲ ግን ሺ ጊዜ ነግራዋለች፦ የእርሾው ቅል አይታጠንም፣ ጭሱ ይጎዳዋል። ይኼን ያዘጋጀ ሰው የወተት ወግ ያውቃል፣ የዱሬቲን ሥራ ግን አያውቅም።

«እውነተኛውን የት አደረጉት? ለነጋዴዎቹ ሸጡት?»

ገረሱ ሽጉጥ መዘዘ።

ነገሬ ቅሉን ፊቱ ላይ ሰበረበት። የሻምበሉ ጥይት የነገሬን ግራ ጆሮ ቆርጦ አለፈ። ገበያው በጩኸት ተበተነ። ነገሬ ጩቤውን መዝዞ ከሻምበሉ ጎድን ሥር ሰካው፤ ደገመው። ሦስት ዓመት ከአንድ ገበታ በልተዋል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ነገሬን ግን ተረቱ አላጽናናውም፣ አንገበገበው።

ገበያው ዳር ወደቆመው የሻምበሉ ቮልስዋገን መኪና ሮጠ። ዱሬቲ የኋላ ወንበር ላይ ታስራለች፤ ደረቷ በጥይት ተበስቷል። እውነተኛው ቅል እግሯ ሥር ነበር። አነሣው።

ከኋላው ተኩስ ጮኸ።

ቅሉ እጁ ላይ ተፈረከሰ፤ እርጎው ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ገረሱ አልሞተም ነበር። ነገሬ ተመልሶ ጨረሰው።

«ጋቢህ» አለች ዱሬቲ። «ሳይደርቅ ለብ ያለ ወተት ውስጥ ጭመቀው።»

«መጀመሪያ አንቺን ሐኪም ቤት ላድርስሽ።»

«ነገሬ! ልጆቹ!»

ሌላ አልተናገረችም። እጇን ይዞ አለቀሰ፤ ከዚያ ጋቢውን ጠቅልሎ ሮጠ።

በማግስቱ ጋቢውን የጨመቀበት ወተት ረጋ። ልጆቹም ጠጡ።

ነገሬ ተመልሶ ስላልመጣ መሥሪያ ቤቱ «ወፍጮ ሞቷል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ነገሬ አላስተባበለም። እንዳይታወቅ ብሎ የዱሬቲ ቀብር ላይ እንኳ መቆም አልቻለም።

ዘነበወርቅ ውስጥ ግራ ጆሮው የተቆረጠ እርጎ ሻጭ አለ። ሴቶቹ ይቀልዱበታል።

«ምን ዓይነት ወተት ሻጭ ነህ፣ ቅል የማታጥን?»

«የእርሾው ባለቤት ጭስ አትወድም» ይላቸዋል፤ ይቀዳላቸዋልም።