ከአሽንዳው የተመለሰው እግር

ዋናው ድንጋይ ጠራቢ ታኒጋቻላም በሂንዱው አምላክ በሺቫ ቤተ መቅደስ ሰሜን ግድግዳ ሥር፣ ከባለ አራት ፊቱ የብራህማ ምስል በታች፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ማጅራቱ የግድግዳውን የድንጋይ እርከን መትቷል። ሰዓቱ ቀትር ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በትልቁ የበር ግንብ ጥላ ሥር ተኝቷል።

ኢንስፔክተር ማላርቪዚ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ አለቃዋ ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቃት። ሟቹ በዚያው ዕለት ማለዳ ለሳኙን ሱዳላይን «ኖራህ ቀጠነ» ብሎ በጥፊ መትቶት ስለነበር፣ ሱዳላይ ታስሯል።

«ከነገ ወዲያ የታደሰው መቅደስ የምርቃት በዓል ነው፤» አለ አለቃዋ። «ዛሬ ማታ የእምነት ቃሉን እቀበለዋለሁ።»

«ካላመነስ?»

«ያምናል።»

ይህች «ያምናል» የምትባል ነገር ማላርቪዚን ታንገፈግፋታለች። ትታው ወደ ሬሳው ቦታ ሄደች።

መተላለፊያው አዲስ ኖራ ተለስኖ ነበርና የባዶ እግር ዱካ ታትሞበታል። ዱካው ከሬሳው ተነሥቶ ወደ መውጫው ሰባት እርምጃ ይሄዳል፤ የመቅደሱ እጣቢ ከሚወርድበት የድንጋይ አሽንዳ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ከዚያ ይመለስና ሬሳውን አልፎ፣ በጀርባ በኩል መቅደሱን ይዞራል። አሽንዳው ሕፃን የሚሻገረው ነው፤ መውጫው ደግሞ ከማዶው አሥር እርምጃ አይሞላም።

«ሰክሮ ነዋ!» አለ አለቃዋ።

የቤተ መቅደሱን አስተዳዳሪ አሩናጊሪን ጠየቀችው።

«አሽንዳውን መሻገር ነውር አይደለም እንዴ?»

«በደህናው ጊዜማ ማን ደፍሮ! የሺቫ ገላ የታጠበበት ውኃ እኮ ነው፤ እዚያ የደረሰ ሁሉ ይመለሳል። አሁን ግን እድሳቱ ሲጀመር ካህኑ የአምላኩን መንፈስ በጸሎት ወደ ማሰሮ ውኃ አስገብተው ግቢው ውስጥ ወደተተከለው ዳስ አዛውረውታል። ውስጥ የቀረው፣ ይመለክ የነበረው ድንጋይ ባዶውን ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሠራተኛውም እኔም እንሻገረዋለን።»

ከሟቹ ወገብ የተገኘውን ደብተር ገለጠችለት። በመጨረሻው ገጽ የሺቫ ድንጋይ ተሥሏል፤ መሐሉን ቀጭን መስመር ሰንጥቆታል። አሩናጊሪ ግንባሩን ያዘ።

«ጉድ ፈላ! የተሰነጠቀማ ወንዝ ተጥሎ ሌላ ይተከላል። ለእኔ ማንም አልነገረኝም!»

ካህኑ ሳባራትናም ዳሱ ውስጥ፣ ከማሰሮው ፊት ተቀምጠው ዝንብ እሽ ይላሉ።

«አባቴ፣ ትናንት ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ከጌታዬ ጋር።»

«ታኒጋቻላም ስንጥቅ አግኝቶ ነበር?»

«ጠራቢ ስንጥቅ ካላገኘ ምን ይበላል፣ ልጄ?»

«ሱዳላይስ? እንደው ያሳዝንዎታል?»

«ደግ ልጅ ነው። ጌታ እውነቱን ያውቅለታል።»

ማላርቪዚ ደሟ ፈላ። ጌታ ቢያውቅም ጣቢያ መጥቶ ቃሉን አይሰጥ!

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሬሳው ከነበረበት ቦታ ሰበሰበች። ሱዳላይም በካቴና መጣ። እሷ ከአሽንዳው ማዶ ቆመች።

«እስቲ ሁላችሁም ወደ እኔ ኑ።»

ሱዳላይ ተሻገረ። አሩናጊሪ ሽርጡን ሰብስቦ ተሻገረ፤ አለቃዋም እያጉረመረመ ተከተለ። ሳባራትናም አሽንዳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ተመለሱና በጀርባ በኩል ዞሩ። እያለከለኩ ብቅ ሲሉ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ ነበር።

«ነፍሱን ሊያድን የሚሸሽ ሰው አጭሩን መንገድ ይይዛል፤» አለች ማላርቪዚ። «ይሄኛው ግን ተመለሰ። ሱዳላይ አሽንዳውን በቀን መቶ ጊዜ ይሻገረዋል፤ ሌላውም ለምዶታል። ድንጋዩ መሰንጠቁን ለአስተዳዳሪው የነገረ የለም፤ ጠራቢው አስቀድሞ የሚያማክረው ደግሞ ካህኑን ነው። አምላኩን በገዛ እጅዎ አውጥተዋል፣ ድንጋዩ ባዶ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እግርዎ ግን ዛሬም አልለመደም።»

ሽማግሌው ወደ እግራቸው አዩ። እዚያው ቁጭ አሉ።

«አርባ አንድ ዓመት በወተት አጥቤዋለሁ። ወንዝ ይጣል አለኝ። ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት እንጂ ይሞታል አላልኩም።»

«ሱዳላይ በእርስዎ ፋንታ ሲታሰርስ?»

«ምርቃቱ ይለፍና እናገራለሁ ብዬ ነው። ሁለት ቀን ብቻ፣ ልጄ።»

«ሁለት ቀን ብቻ!» አለች።

አሩናጊሪ ጮኸ፦ «አሁን አምላኩን ከማሰሮው ማን ያወጣልኛል? ሁለት ቀን ብትታገሺ ምን ነበረበት?»

ማላርቪዚ ቁልፉን ከአለቃዋ ነጥቃ የሱዳላይን ካቴና ፈታች። የቀኝ እጁ አብጦ ጠቁሯል፤ ኖራ የሚለስንባቸው ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም። አለቃዋ ፊቱን አዞረ።

«ትናንት ማታ ነው፣ እትዬ፤» አለ ሱዳላይ በቀስታ። «ግን አላመንኩላቸውም።»

ማላርቪዚ እጁን ይዛ ቆመች። ከጠዋት ጀምራ ስለ ድንጋዩ ስንጥቅ ያልጠየቀችው ሰው የለም፤ ጣቢያ ሄዳ ይህን እጅ ለማየት ግን አላሰበችም።