የግራጫው መስመር ሟች

ባቡሩ የመጨረሻው ጣቢያ ደርሶ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ አለቃ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ራሳቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ስለነበር ጓደኞቻቸው እንቅልፍ የጣላቸው መስሏቸው ተሳሳቁ። ሴት ልጃቸው ትከሻቸውን ነቅነቅ ስታደርግ ባርኔጣው ወደቀ፤ አለቃም ተከትለውት ወደቁ።

አብረዋቸው የነበሩት ጡረተኛ ሐኪም ጎንበስ ብለው እጃቸውን ያዝ ለቀቅ አደረጉና «ልባቸው ነው» አሉ። ሐኪም ካለ ማን ይከራከራል? ሬሳው ሆስፒታል ሲደርስ ግን ልብሳቸውን ያወለቁት ሠራተኞች ማጅራታቸው ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ ምስር የማታክል ቀዳዳ አገኙ። ፖሊሶች ፉርጎውን ሲፈትሹ ደግሞ ከወንበር ሥር አንድ ወስፌ ተገኘ፤ እጀታው በቆዳ የተጠቀለለ፣ ጫፉ የሾለ። የቦርሳ ሠሪ መሣሪያ ነው። ከተጓዦቹ አንዱ ቦርሳ ሠሪ ነበርና ፀሐይ ሳትጠልቅ ታሰረ።

በማግሥቱ ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን የሚጠራት የለም፤ ቀልድ የማትወድ ሆና ሳይሆን የቀልዱን ባለቤት ወዲያው ስለምታውቅበት ነው። የበላይ ኃላፊዋ ወስፌውም የቦርሳ ሠሪው፣ ከሟቹ ጋር የነበረውም ጠብ የእሱ መሆኑን ነገራትና ከሳምንት በላይ እንዳትፈጅ አስጠነቀቃት። ከዚያ በኋላ ቦርሳ ሠሪው በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። እሷም እሺ ብላ ወጣች። እሺ ማለት አያስከፍልም።

ተጓዦቹ አምስት ነበሩ። አለቃ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማው ሜትሮ፣ ማለትም የምድር ውስጥ ባቡር፣ የስምሪት ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ሐኪሙም የዚያው ሜትሮ ክሊኒክ ሐኪም ነበሩ። የአለቃ ልጅ አስተማሪ ናት። የቀሩት ሁለቱ ቦርሳ ሠሪውና አንዲት ልብስ ሰፊ ናቸው። እሑድ እሑድ፣ በእረፍት ቀናቸው፣ አንድ መስመር ይመርጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳፈራሉ። በየጣቢያው እየወረዱ የግድግዳውን ሸክላ፣ የጣሪያውን ቅርጽ፣ የደረጃውን ድጋፍ ያያሉ፤ የትኛው ጣቢያ ያምራል በሚል እስኪኮራረፉ ይከራከራሉ። ሰው በእረፍት ቀኑ ተኝቶ መዋል ሲችል ከመሬት በታች ምን ያንከራትተዋል የሚል ካለ፣ መርማሪዋም መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነው። በሁለት ዓመት የሜትሮውን መስመሮች ሁሉ ጨርሰው የቀራቸው ግራጫው ብቻ ነበር።

የአለቃ ልጅ ቤት ውስጥ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች ጠበቀቻት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የሐዘንተኛ አይመስልም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለቻት። «ያ ሰው ሲፈታ ባይ ፖሊስም ፍርድ ቤትም አልጠብቅም። የአባቴን ደም እኔው ራሴ እመልሳለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«ሌላ ከሆነ ስሙን ንገሪኝ። ለኔ ማንም ይሁን ማን።»

መርማሪዋ ስለ ጉዞው ጠየቀቻት። ግራጫው መስመር በወንዙ ድልድይ ላይ በጠራራ ፀሐይ አልፎ በቀጥታ ወደ ረጅም ዋሻ ይገባል፤ ከዋሻው ወዲያ ያለው የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ባቡሮቹ አሮጌ ስለሆኑ ዋሻው አፍ ላይ መብራታቸው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ልጅቷ እንዳለችው ከአለቃ በቀር ይህን ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም፤ ጨለማው ድንገት ሲመጣ ሁሉም ክው አሉ። ከሳቸው ሌላ መስመሩን ያየው ማንም አልነበረም። እሳቸውም ግራጫው ምን ይታይበታል እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተላልፉት ኖረዋል። ልብስ ሰፊዋ አንድ መስመር ጎድሎ ጉዞው ሞላ አይባልም ብላ ነገሩን አነሣች፤ ልጅቷ ደግሞ አባቷን አግባብታ እሺ አሰኘች። ይህን ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ድልድዩ ላይ ያነሣችውንም ፎቶ በስልኳ አሳየቻት። አለቃ ፊታቸውን አኮሳትረው ወንዙን ያያሉ፤ ከፊታቸው ሐኪሙ ተቀምጠዋል። ጎናቸው ቦርሳ ሠሪው ጥቁር መነጽር አድርጎ ያዛጋል። ከኋላቸው ልብስ ሰፊዋ ወደ ካሜራው ፈገግ ብላ ግራ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ጠቀሰችኝ» አለች ልጅቷ። «እሷ ሁሌም ተጫዋች ናት።»

ቦርሳ ሠሪው ከእስር ቤቱ ግቢ ተጠርቶ ሲገባ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተራመደና ጉልበቱን ከወንበሩ ጋር አላተመ። ፀሐይ ሲመታው የሚጠቁር መነጽር ነበር ያደረገው፤ ጥላ ውስጥ ገብቶ እስኪነጣ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል።

«ትንሽ ታገሽኝ እህቴ» አላት። «አሁን አንቺን ሳይሆን ድምፅሽን ነው የማየው።»

ጠቡን አልካደም። ከአባቱ የወረሳት ሱቅ ድልድይ ሥር ነበረች። አለቃ በሥልጣን ላይ ሳሉ በክረምት ዝናብ አስፈረሷት፤ ቆዳው ሁሉ በሰበሰ። አንድ ቀን እጄ ይገባሉ ብሎ በሰው ፊት ዝቷል። ታዲያ ምን ይዞህ ከሳቸው ጋር ትሳፈራለህ ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰውየውን ስለጠላሁ ባቡሩን ልጥላ?» የመሣሪያ ቦርሳውን እንደ ልማዱ አፉን ከፍቶ ከወንበሩ ሥር አስቀምጦት ነበር። ወስፌው መቼ እንደወጣ አላየም።

ሐኪሙ ቤታቸው በክብር ተቀበሏት። አለቃ ደግ ሰው እንደነበሩ አውርተው ሲጨርሱ መርማሪዋ ግራጫውን መስመር ለምን ይሸሹት እንደነበር ጠየቀች። ሐኪሙ መጀመሪያ ውኃ አስመጡ። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ዋሻ ውስጥ አንድ ባቡር ሐዲድ የሚጠግኑ ሠራተኞችን ገጭቶ ነበር አሉ። ነጂው ሰክሮ ነበር፤ ተፈረደበት፤ እስር ቤት ሞተ።

«ሰክሮ እንደነበር የመሰከረው ማነው?»

«እኔ።»

«መርምረውት?»

«አለቃ ነግረውኝ ነበር» አሉ ሐኪሙ፤ ከዚያ የቀረውን ውኃ ጠጡ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መርማሪዋ ከዚያ ስትወጣ ይህን እያሰበች ነበር፤ ማን እንደተወጋ ግን ገና አላወቀችም።

ልብስ ሰፊዋን በሱቋ አገኘቻት። መርፌዎች በከንፈሯ ይዛ የሙሽራ ቀሚስ ታሳጥራለች። እንደ ደንቡ አዘነች፣ እንደ ደንቡ ደነገጠች፣ ግራጫው መስመር ላይ ከዚያ ቀን በፊት ተሳፍራ እንደማታውቅም ተናገረች። የመርማሪዋ ካፖርት ቁልፍ ላልቶ ብታይ አስወልቃ ሰፋችላት። መርማሪዋ ወደደቻት። ይህ በኋላ አበሳጫት።

በማግሥቱ መርማሪዋ ከዕለቱ ነጂ ጋር በባቡሩ አፍንጫ ተቀምጣ ግራጫውን መስመር ተጓዘች። ድልድዩ ላይ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ዋሻው ሊደርስ ሲል ቀና ብላ ነጂውን አየችውና ዓይኗን ሳትነቅል ቀረች። ሲያልፉ ጥቂት ጥያቄዎች ጠየቀችው። መልሱን ሰምታ ሌላ ሰው ማነጋገር አላስፈለጋትም።

በሚቀጥለው እሑድ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ያው ፉርጎ፣ ያው ወንበር፤ ባዶው የአለቃ ብቻ ነው። ቦርሳ ሠሪውን አንድ ፖሊስ ይዞት መጣ፤ የአለቃ ልጅ ስታየው ልትነሣ ብላ ሐኪሙ ክንዷን ያዟት። መርማሪዋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ባቡሩ ድልድዩን ተሻገረ፣ መብራቱ ጠፋ፣ መብራቱ በራ። ከዋሻው ወዲያ ያለው ጣቢያ ላይ በሮቹ ተከፍተው እንዲቆዩ አደረገችና ቆማ መናገር ጀመረች።

«ወስፌው ከተከፈተ ቦርሳ ነው የተወሰደው። ስለዚህ የማንም እጅ ሊያነሣው ይችላል፤ ወስፌውን እንተወው። እኔን የከነከነኝ ጨለማው ነው። አሁን መብራቱ ሲጠፋ ምን አያችሁ?»

«ምንም» አሉ ሐኪሙ።

«እኔም ምንም። ከጠራራ ፀሐይ ድንገት ጨለማ የገባ ዓይን ገደል ይሁን ሜዳ አይለይም። የአለቃ ገዳይ ግን ማጅራታቸውን በአንድ ምት አገኘው፤ ሌላ ጭረት የለም። ያ ሰው ያይ ነበር ማለት ነው።» ወደ ቦርሳ ሠሪው ዞረች። «የዚህን ሰው መነጽር እዩት። አሁንም ጥቁር ነው። በፎቶውም ላይ ጥቁር ነው። ጨለማ ውስጥ የገዛ አፍንጫውን አያገኝም።»

የአለቃ ልጅ ቦርሳ ሠሪውን አየችው፤ እሱም ወደሷ አቅጣጫ አየ።

«ሐኪሙ የተቀመጡት ከፊታቸው ነው፤ የተወጉት ከኋላ ነው። አንቺ ስልክሽን ዓይንሽ ሥር ይዘሽ ነበር፤ ከሁላቸውም በላይ የታወርሽው አንቺ ነሽ። ከኋላቸው የተቀመጠችው አንዲት ሰው ናት። በፎቶው ላይ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ጠቀሰችኝ አልሽኝ። እኔም ተቀብዬው ነበር፤ የዚህ ባቡር ነጂ ዋሻው ሊደርስ ሲል አንድ ዓይኑን ሲጨፍን እስካይ ድረስ። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ግራጫው መስመር ላይ ነጂ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አለኝ፤ የተዘጋው ዓይን ጨለማውን ቀድሞ ይለምደዋል፤ ዋሻው ውስጥ ሲገለጥ ያያል። ሌላ መስመር ላይ ይህ ድልድይ ስለሌለ ልማዱም የለም። ሥራውን የተወ ሰው እንኳ እንደ ተሳፋሪ ሲያልፍ ዓይኑ ሳያስበው ይከደናል አለኝ።»

መርማሪዋ ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆመች።

«በዚህ መስመር ተሳፍሬ አላውቅም ብለሽኛል። ቅድም ግን ድልድዩ ሲያልቅ ግራ ዓይንሽን ጨፈንሽ። ፎቶ የሚያነሣ አልነበረም፤ ማንን ጠቀስሽ? ነጂው ሌላም ነገር ነግሮኛል። ድሮ ባልና ሚስት ይህን መስመር በየተራ ይነዱት ነበር። ባልየው እስር ቤት ሞተ፤ ሚስትየዋ ሥራዋን ትታ ልብስ ስፌት ገባች።»

ልብስ ሰፊዋ አልካደችም። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለችና እንደ ሱቋ ወግ በቀስታ ተናገረች።

«ባሌ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ሠራተኞቹ ዋሻው ውስጥ እንዳሉ ለነጂው መንገር የስምሪት ሥራ ነው። አለቃ ረሱ። ረሳሁ ማለት ከበዳቸውና ባሌን ሰከረ አሉት። ቢሯቸው ደጃፍ ስንት ጠዋት ቆሜ ለመንኳቸው፤ ቀና ብለው አላዩኝም። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሳፈርም የት አውቅሻለሁ አላሉኝም። እሑድ በመጣ ቁጥር እየሳቅኩ አንጀቴ ሲያር ነበር።»

«ይህ ሰውስ?» አለቻት መርማሪዋ ወደ ቦርሳ ሠሪው እያመለከተች። «በባልሽ ላይ የተሠራውን አንቺም በሱ ላይ ሠራሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ብቻ አቀረቀረች። ወስፌውን ያነሣችው መቀሷ ለዚያ ስለማይሆን እንጂ እሱን ለማስያዝ እንዳልነበረ፣ ቢፈረድበት ወጥታ እንደምትናገር ገለጸች። ይቅርታም ጠየቀችው።

«ይቅርታሽን ያዢው» አላት ቦርሳ ሠሪው። «ሳምንት የታሰርኩት እኔ ነኝ። አንቺማ ልብስ ስትሰፊ ሰነበትሽ።»

የአለቃ ልጅ ተነሥታ ፊቷ ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብና ጥፊ ሁሉ ነበር፤ እጇ ግን አልተነሣም። ቁጣዋ አልበረደም። ብቻ አሁን ወዴት እንደምትልከው ግራ ገባት።

«አባቴ ማን እንደገደለው አወቀ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሻከረ። «መብራቱ እንደጠፋ በጆሯቸው የባሌን ስም ነገርኳቸው። ለዚያች ደቂቃ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ስሙን ሰምተው፣ አስታውሰውት፣ ፈርተው እንዲሞቱልኝ ነበር።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«‹ማነው እሱ?› አሉኝ።»

ፖሊሱ እንኳ መሬት መሬት አየ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ የጸጸት ሳይሆን የቁጭት እንባ ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

የአለቃ ልጅ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «እርስዎስ ዶክተር? የሰውየውን ስም ያውቁታል?»

ሐኪሙ አፋቸውን ከፈቱ። አሰቡ። ግንባራቸውን ዳሰሱ። ምንም አልወጣቸውም።

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ለፖሊሱ ዘርግታ ተነሣች። ስታልፍ ሐኪሙ አጠገብ ቆም አለችና ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ስትላቸው የኖረችው ሴት «ችሎት ትጠራለህ» አለቻቸው። «ማንን እንዳሳሰርክ ትጠየቃለህ። እስከዚያ ስሙን ፈልገህ አግኘው፤ እኔ አልነግርህም።»

ሐኪሙ እንድትረዳቸው ዓይናቸውን ወደ መርማሪዋ አዞሩ። መርማሪዋ ስሙን ታውቀው ነበር፤ አልነገረቻቸውም።