መርዶና መመረቂያ

ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ዳር ከተደረደሩት አፓርታማዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ነፍስ የሚኖርበት ቤት ነበር። አባወራው ተክለሚካኤል ታክሲ ይነዳል። ሚስቱ እታለም የሰው አዛውንት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታስተኛለች። ልጃቸው ሄራን ደግሞ... የሄራን ሥራ መልስ መስጠት ነበር። እናቷ አንድ ብትናገር እሷ ሦስት ትመልሳለች። አባቷ "ዝም በይ" ሲላት፣ "እሺ፣ ይኸው ዝም አልኩ፣ ዝም ስል አይታይህም?" ትለዋለች። ሀብት የተረፈው ቤት አልነበረም፤ ሳቅ ግን ጎድሎበት አያውቅም። ታዲያ ሞት ያን ሁሉ ቤት እያለፈ እዚህ ቤት ላይ ምን ዓይን ጣለበት?

እታለም የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ፈረንሳይኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ያህል ነው። በሃያ አምስት ዓመቷ ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ፣ የታሪክ ማስተርሷን ልትጨርስ አንድ ሳምንት ሲቀራት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ወግ የማያውቅ ሰው ነበርና፣ "እናትሽ አርፈዋል፣ በርቺ" ብሎ ዘጋው። መርዶ እንዲህ ይነገራል? መርዶ በጠዋት፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሴቶች ተከትለው፣ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ የሚነገር ነገር አይደለም እንዴ? እታለም ብቻዋን ወደቀች፣ ብቻዋን ተነሳች፤ ጽሑፏን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ አገሯ በረረች። ስትደርስ እናቷ ከተቀበሩ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ትዳር መጣ፣ ዲቪ መጣ፣ ዴንቨር መጣ፣ ሄራን መጣች። ሊዮን ግን እንደቀረች ቀረች... ሃያ ስድስት ዓመት!

የቆሰቆሳት ባሏ ነው፤ እሱ ራሱ ስምንተኛ ክፍልን ያላለፈ ሰው።

"የሰው ሽማግሌ ስታጥቢ ፈረንሳይኛሽ ዛገ። ለዩኒቨርሲቲው ጻፊላቸው" አላት።

"በሃምሳ አንድ ዓመቴ ከልጆች ጋር ልቀመጥ?"

"ከኋላ ተቀመጪ።"

ሄራን ከሶፋው ላይ ሳትነሳ፣ "እማዬ፣ ባክፓክ እኔ እገዛልሻለሁ፣ ዩኒኮርን ያለበት" አለች።

እታለም ጻፈች። ዩኒቨርሲቲውም፣ አንድ ዓመት ከተማረችና መመረቂያ ጽሑፏን በመምህራን ፊት ቆማ ከተከራከረችበት ዲግሪውን እንደሚሰጣት መለሰላት። መስከረም ላይ ሄደች። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገባ ልጆቹ አስተማሪ መስላቸው ጸጥ አሉ። ባሏ በስልክ "ታዲያ ምን አልሻቸው?" ቢላት፣ "ምን እላቸዋለሁ፣ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ" አለችው። ባሕር ማዶና ባሕር ማዶ ሆነው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ሳቁ እስከ ጥር ነው የቆየው። ጥር ላይ ተክለሚካኤል ሆዱን ይዞ መነሳት ጀመረ። የቆሽት ካንሰር ነው ተባለ፤ ሐኪሙም የቀረውን ዕድሜ በዓመት ሳይሆን በወር ነገረው። አስተርጓሚዋ ሄራን ነበረች። ልጅ የአባቷን ሞት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትመልስ... ከዚህ የከፋ የቤት ሥራ ለየትኛው ተማሪ ተሰጥቶ ያውቃል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት መልስ የነበራት ልጅ ያን ቀን አንድ ቃል ጠፋት። መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

"እናትሽ እንዳትሰማ።"

"አባዬ፣ ይሄ ልክ አይደለም።"

"ልክ ነው አላልኩሽም። እንዳትሰማ ነው ያልኩሽ። ያኔ ከክፍል ጎትቶ ያወጣት ሞት ነው። አሁን ደግሞ በእኔ የተነሳ አትወጣም።"

ከዚያ ወዲያ የቪዲዮ ጥሪው ሁሉ ቲያትር ሆነ። ተክለሚካኤል ከሕክምናው ሲወጣ እዚያው የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መሪው ጋ ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ ፀጉር ያለቀበትን ራሱን በሹራብ ኮፍያ ይሸፍንና ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ ይደውላል።

"በግንቦት ኮፍያ?" ትለዋለች እታለም።

"በረዶ ጥሎ ነው።" ዴንቨር ደግሞ በግንቦትም በረዶ የሚጥልባት ከተማ ናትና ውሸቱ ያስኬዳል።

"ከሳህብኝ።"

"የሄራን ወጥ ነዋ።"

"ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ወጤ ምን አደረገህ?" ትላለች ሄራን ከጎኑ፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ ካሜራው በማያያት በኩል።

የእናት ሆድ ግን ይታለላል? አንድ ቀን እታለም ለሄራን ለብቻዋ ደወለችላት።

"አባትሽ አሞታል?"

"አላመመውም።"

"አባቴ ይሙት በይ።"

ይህን መሐላ ሄራን በቀን ሃያ ጊዜ ትምለው ነበር፤ ቻርጀርሽን አልወሰድኩም ለማለት፣ ሳህኑን አጥቤያለሁ ለማለት፣ አንዳንዴም እንዲያው ለማሳመር። ያን ቀን ግን ከጉሮሮዋ እንደ ዓሣ እሾህ ነው የወጣው። "አባቴ ይሙት" አለች። ልክ በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ተክለሚካኤል የልጁን እጅ እንደያዘ አረፈ። በሐሰት ምዬ ገደልኩት... ይህን ለማን ትናገረው? እንባዋን ዋጠች፣ መሐላዋንም አብራ ዋጠች።

እታለም በመምህራን ፊት የምትቀርበው በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነበር። ቀብሩ ለቅዳሜ ተቀጠረ፤ አስከሬኑም እሷ እስክትመጣ እንዲቆይ ተደረገ። የሟች እህት ፀዳል ከዴንቨር ወዲያ ካለችው ከቶርንተን እየነዳች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ለገባ ለወጣው ሁሉ፣ "ማንም ፌስቡክ ላይ ሻማ እንዳይለጥፍ" ትላለች። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ እንዳሻው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተናገሩ።

"ያኔ ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። አሁን በስልክ አይነገርም። ሰው ይሂድ።"

ማን ይሂድ? እሳቸው ፓስፖርታቸው የኢትዮጵያ ነው፤ ቪዛ እስኪወጣ ሐሙስ ያልፋል። ፀዳልም እንደዚያው። ዞር ዞር ብለው ቢያዩ፣ ወደ ፈረንሳይ ለመግባት ቪዛ የማያስፈልጋት ሰው ቤቱ ውስጥ አንዲት ብቻ ነበረች፤ በዚያው ግንቦት ሃይስኩል የጨረሰች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ።

"ጋሼ፣ ልጅ መርዶ ስትነግር የት አይተዋል?" አለች ፀዳል።

"የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሽማግሌ ካለሽ አምጪዋ።" ወደ ሄራን ዞሩ። "ስሚ ልጄ። ጥቁር እንዳትለብሺ። ከፈተናው በፊት ቃል እንዳታወጪ። ስትጨርስ ነግረሻት፣ ዓርብ ጠዋት ደግፈሽ ይዘሻት ነይ።"

"እኔን ማን ይደግፈኝ?" አለች ሄራን። የሰባ ዓመቱ አቶ እንዳሻው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሄራን ቢጫ ሹራብ ለብሳ የእናቷን የተማሪ ማደሪያ በር አንኳኳች። እታለም ከፈተች፤ ልጇን አየች፤ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ አሁንም ሳመቻት... ከዚያ እጆቿ ልጇ ጀርባ ላይ እንዳሉ ቆሙ።

"ሰርፕራይዝ ነው" አለች ሄራን። "ስትጨርሺ ልይሽ ብዬ።"

"አባትሽስ?"

"እሱ ነው የላከኝ።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"አባቴ ይሙት በይ።"

ሄራን አፏን ከፈተች። መንገዱን ሙሉ፣ አውሮፕላን ውስጥም ባቡር ውስጥም ስትለማመደው የመጣችው ውሸት ጥርሷ ጋ ደርሶ ተመለሰ። የሞተን ሰው ይሙት ብሎ ማን ይምላል? ዝም አለች። እታለም በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከዚህች ልጅ ሰምታው የማታውቀው ነገር ቢኖር ዝምታ ነውና፣ መርዶውን ከዝምታዋ ሰማችው። በሩን እንደያዘች ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"መቼ?"

"ሰኞ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?"

"ከጥር።"

"ከጥር..." አለች። "ሃያ ዓመት የማላውቀውን ሰው አባት ሳጥብ፣ የራሴን ባል አንድ ቀን ሳላጥበው? አንድ ቀን ውኃ ሳላቀብለው? ይህን ከእኔ የምትወስዱት እናንተ እነማን ናችሁ?"

ሄራን እናቷ እግር ሥር ተደፋች። "እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች፤ "በሐሰት ምዬ። ያን ቀን በስልክ።"

እታለም የልጇን ራስ ስባ ጉልበቷ ላይ አስተኛቻት። "ምላስሽ ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ እኔ አንቺን ስምንተኛ ክፍል ሳላደርስ ነበር የምሞተው። ካንሰር ነው የገደለው። ደግመሽ እንዳትይው።" አለቀሱ። ድምፅ እንዳይወጣ እየተናነቁ አለቀሱ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከወዲያ በኩል ልጆች ያጠናሉ።

ከዚያ እታለም ተነስታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ሳበች፤ ልብሷን ከነማንጠልጠያው ትጥልበት ጀመር። ሄራን አልከለከለቻትም። በምን አፏ ትከልክላት? ሻንጣው ሲሞላ እታለም እጇ ቆመ።

"አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ነው?"

"ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው።"

"ስለዚህ ዛሬ የትም አልደርስም።" አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ያኔ ጥዬ ሄጄ እናቴን አልቀበርኩ። ትምህርቴንም አልጨረስኩ። ከሁለት ያጣሁ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ባሌን እንደሆነ ቅዳሜ እቀብራለሁ። እስከዚያ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልይ?" ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበች። "ተነሽ። ቀሚሴን ካውያ አድርጊልኝ።"

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሦስት መምህራን በተቀመጡበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እታለም ቆመች። ስለ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች ነበር የጻፈችው። ሄራን ከፈረንሳይኛ የምታውቀው "ቦንዡር" እና "ክሯሳን" ነው፤ የተባለው ሁሉ በላይዋ አለፈ። የገባት ግን ገባት። መምህራኑ ይጠይቃሉ፣ እናቷ ትመልሳለች። አንደኛው ጎምቱ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ አንድ ነገር ሲላት፣ እናቷ ሳትቸኩል ሦስት መልስ መለሰችለትና ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለካ ይህ ምላስ ከዚህ ነው የተወረሰው! ስታስታምም ያጎነበሰ የመሰላት ያ ወገብ እንዲህ ቀጥ ብሎ ይቆማል? በዚያች ሰዓት ከእናቷ ፊት ለፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሦስቱም ሰዎች፣ የቆመችው ሴት ከሦስት ቀን በፊት ባል የሞተባት መሆኗን አላወቁም። እሷም አልነገረቻቸውም፤ በሐዘኗ ነጥብ አልለመነችም። ውጤቷን አነበቡላት፣ እጇን ጨበጡ። እታለም "ሜርሲ" ብላ ወጣች፤ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች፤ ኮሪደሩ ላይ ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ "ተክልዬ" ብላ ጮኸች። መምህራኑ ሮጠው ሲወጡ፣ ወለሉ ላይ ደረቷን የምትመታ እናትና ከኋላዋ አቅፋ የያዘቻት ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ አገኙ። ሄራን አልለቀቀቻትም። መርዶው እንደ ወጉ ተነገረ፤ ለሚወድቀው ሰው ክንድ ነበረው።

ቅዳሜ ቀበሩት። እሑድ የለቅሶው ቤት ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ሳለ፣ እታለም የማታውቃቸው ወንዶች በዙ። የአበሻ፣ የሶማሌ፣ የኔፓል ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ከመካከላቸው በድሉ የሚባል ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ።

"እትዬ፣ አያውቁኝም። ተክልዬ ግን እርስዎ የጻፉትን በአማርኛ እየቀዱ በየሳምንቱ የሚልኩለትን ድምፅ ለእኛ ለነጂዎቹ የስልክ ግሩፕ ይልክልን ነበር። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆነን ጽሑፍዎን ሙሉውን ሰምተናል። ምዕራፍ ሁለትን ደግመነዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በለቅሶ አይጠየቅም... ስንት ሰጡዎት?"

እታለም ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። "አሥራ ሰባት" አለች፤ ድምፅዋ በልቅሶ አልቋል። "ከሃያ።"

በድሉ ወደ ኋላ ዞሮ "አሥራ ሰባት ከሃያ" አለ። ከበሩ ላይ ደገሙት፤ በእንግሊዝኛ ተረጎሙት፤ ወሬው ደረጃውን ወርዶ ታክሲዎቹ እስከቆሙበት ፓርኪንግ ደረሰ። ከታች አጉረመረሙ። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ ወደ ላይ መጣ፦

"ሦስቷን ምን አደረገቻት?"

መጀመሪያ የሳቀችው እታለም ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሄራንም፣ ፀዳልም፣ ባርኔጣቸውን የያዙት አቶ እንዳሻውም። ሞት ሁለት ጊዜ መጥቶ ይህችን ሴት ከወንበሯ ሊያስነሳ ሞከረ፤ አንዴ ሆነለት፣ አንዴ አቃተው። የወሰደውን ማንም አያስመልሰውም። ግን እንዲያው ቢታሰብ... ሞትም ቢሆን ሃያ ከሃያ አያገኝም።