ቁልፉ የረሳው መኪና

ሽማግሌው የሞቱት ከመድኃኒታቸው አንድ ክንድ ርቀው ነው፤ በመካከል የነበረው የመኪና መስታወት ብቻ። ጎህ ሲቀድ አስም የሚነሳባቸው እኚህ ጡረተኛ የመጋዘን ኃላፊ፣ ግቢያቸው ውስጥ ከአሮጌ መኪናቸው በር ሥር ተደፍተው ተገኙ። የሪሞት ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር፤ በአፍ የሚነፋው መድኃኒት ደግሞ መቀመጫው ላይ።

በምድር ላይ ከተፈጠሩ ቆላፊዎች ሁሉ አንደኛው እሳቸው ነበሩ። ስኳሩንም፣ መድኃኒቱንም፣ የሰው ደብዳቤ ሳይቀር መኪናው ውስጥ ቆልፈው ነው የሚያድሩት። የበሩ የቁልፍ ቀዳዳ ከተበላሸ አሥር ዓመት ስላለፈው፣ መኪናው የሚከፈተው በሪሞቱ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ የቤቱ ሰው የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪው ደረሰ። ባልደረቦቹ «መርፌ» የሚሉት ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ውሸትን ገና ከጉሮሮ ሳይወጣ ይሰማዋል። ድንጋይ አፋጥጦ ያናዝዛል፤ እስከዛሬ ያናዘዛቸው ድንጋዮች ቢሰበሰቡ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይወጣቸዋል።

የሰፈሩ ፖሊስ ግን ነገሩን ጨርሶ፣ የሟቹን ወንድ ልጅ በካቴና አስሮ ጠበቀው።

«ጌታዬ፣ የቁልፉ ባትሪ ትናንት ነው የተቀየረው። ሲጫኑት መብራቱ ይበራል፤ መኪናው ግን አይከፈትም። እንግዲህ የተነካካው መኪናው ነው። ከዚህ ቤት መካኒክ ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ከአባቱ ጋር ከተነጋገሩም ዓመት አልፏቸዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ እስር ቤት ይሄዳል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው መርፌ መካኒኩን።

«መሞታቸውን በደንብ አይታችኋል? እኔ ብሆን ደግሜ አያቸው ነበር። እሳቸው አይታመኑም።»

የሟቹ ሁለተኛ ሚስት ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ተጠቅልሏል።

«እማማ፣ ማታ ቁልፉ የት ነበር?»

«ትራሳቸው ሥር ነው የሚያድረው። እራት ስንበላ ብቻ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይተዉታል፤ ኮቱ ኮሪደር ላይ ይሰቀላል። ሁላችንም ወጣ ገባ ስንል ነበር።»

«ጠዋት ማን አገኛቸው?»

«ልጃቸው፣ ሴቷ። ስትጮህ ነው የወጣነው።»

«እጅዎን ምን አገኘው?»

«ከመኪናው ስኳር ሳወጣ በሩን ዘጉብኝ።»

«ሳያዩ?»

«እያዩ።»

መርፌ ባትሪውን የቀየረውን ሰዓት ሠሪ አስጠራ። ሰውየው ቁልፉን ገና ከሩቅ ሲያየው ፊቱን አጨፈገገ።

«ይኼ እንደ ዘመኑ ቁልፍ አይደለም ጌታዬ። ባትሪው ወጥቶ ትንሽ ከቆየ መኪናውን ይረሳል። መብራቱ ይበራል፣ መኪናው ግን ዘወር ብሎ አያየውም። ውስጥ ገብቶ፣ ሞተር ማስነሻው ላይ ሰክቶ አዙሮ፣ መጫኛውን እየተጫኑ እንደገና ማስተዋወቅ ነው።»

«ትናንት አስተዋውቀኸዋል?»

«እንዴታ! ሰውየውን አያውቋቸውማ። አሥር ጊዜ አስከፍተው አሥር ጊዜ አስቆልፈውኝ ነው የሄዱት።»

የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሆነችውን የሟቹን ሴት ልጅ ያገኛት አዲሷ መኪናዋ አጠገብ ነበር። ጥፍሯ ደማቅ ቀይ ተቀብቷል፤ ዓይኗ ደርቋል። መርፌ ስለ ሞት አንድም ቃል አልጠየቃትም።

«ለአንድ የቁልፍ ባትሪ ሰዓት ሠሪ ድረስ መሄድ ምን የሚሉት ነው?»

«እሳቸው ናቸው እንጂ፣ ማን ይሄዳል። የእኔን ባለፈው ሳምንት ራሴ ነኝ የቀየርኩት። ደቂቃ አይፈጅም፣ ወዲያው ይሠራል።»

«በምን ትከፍቺዋለሽ?»

«በጥፍሬ።»

መርፌ አውራ ጣቷን አየት አደረገ። የጥፍሩ ቀለም ጫፉ ላይ ተልጧል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሁሉንም መኪናው ዙሪያ አቆማቸው። የእስር ቤቱ መኪና በር ላይ ደርሶ ነበር። መርፌ ድንጋይ አንሥቶ መስታወቱን ሰበረው፤ ሚስትየው ደንግጠው ባላቸው መጥተው እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞሩ። ሰዓት ሠሪው ገብቶ ቁልፉን ሰካ፣ አዞረ፣ ተጫነ። አራቱም በሮች ቋ አሉ።

«መኪናውን የነካ ሰው የለም» አለ መርፌ። «የረሳው ቁልፉ ነው። ትናንት አሥር ጊዜ የሠራ ቁልፍ የሚረሳው፣ ከዚያ በኋላ ባትሪው ወጥቶ ካደረ ብቻ ነው። አንድ ሰው በእራት ሰዓት ከኮቱ ኪስ ወስዶ አዲሱን አወጣ፣ የሞተ ባትሪ አስገባ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው ተጭነው ተጭነው ወደቁ። ያ ሰው ወርዶ አዲሱን መለሰ፤ አስሙ ቀደማቸው እንዲባል። መካኒክ ቢሆን አይመልሰውም ነበር፤ ባትሪው ቢመለስም ቁልፉ እንደማይሠራ ያውቃል። የሞተውን እዚያው ቢተወው ኖሮ ሁላችንም ሰዓት ሠሪው መጥፎ ባትሪ ሸጠ ብለን እንሄድ ነበር። እማማ ደግሞ በአንድ እጅ ይህን ቁልፍ ሊፈለቅቁ አይችሉም። የቀረው ሁሉም ቁልፍ እንደ እሷ ቁልፍ ወዲያው የሚሠራ የሚመስላት ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ከራሷ ቁልፍ ያወጣችው የሞተ ባትሪም ነበራት።»

የቁልፉን ሽፋን ከፈት አድርጎ አሳያቸው። ስንጥቁ ውስጥ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ቀይ ቀለም ተጣብቃለች።

ልጅቷ አውራ ጣቷን አልደበቀችም።

«እናቴ ደረቷን ይዛ ሐኪም ቤት ውሰደኝ ስትለው፣ የመኪናው መቀመጫ ታጥቧል፣ ሳይደርቅ አይሆንም አላት። ሲደርቅ እሷም አልቃ ነበር። ዛሬ መስኮት ላይ ቆሜ ቆጠርኩለት። ሰባ አንድ ጊዜ ነው የተጫነው።»

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተን ይይዙሃል ብዬ አላሰብኩም።»

መርፌ የመካኒኩን ካቴና ፈታ። መካኒኩ አንጓውን እያሸ እህቱን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«አንቺ ደግሞ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ሰው ይጠየቃል። ብትጠይቂኝ ኖሮ የሞተውን እዚያው ተይው እልሽ ነበር።»

መርፌ በእጁ የያዘውን ካቴና አየ፣ ከዚያም መካኒኩን አየ። ምኞት ግን አያሳስርም፤ ካቴናውን ለእህቱ አጠለቀላት።